የባካላይት፣ የሚላሚንና የኢፖክሲ ዱቄት ሲሞቅ ምን ያህል ይፈሳል? የትኛው ቴስት ለማን ይሆናል

ሶኬት፣ ብሬከር፣ የድስት እጀታ፣ ሚላሚን ሳህን፣ ወይ ደሞ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን በሞልድ የሚያመርት ሰው ሁሉ ጥሬ እቃ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አዲሱ ጆንያ ያለፈው እንደፈሰሰው ይፈሳል ወይ? ካልፈሰሰ የሞልዱ ጥጋጥግ ሳይሞላ ይቀራል፣ ከልክ በላይ ከፈሰሰ ደሞ በሞልዱ ክፍተት እየወጣ ፍላሽ ይሆንና ሰራተኛው ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ሲሞርድ ይውላል። ይሄን ቀድሞ ለማወቅ ብዙ አይነት ቴስት አለ፣ ችግሩ ሁሉም የፍሰት ቴስት ይባሉ እንጂ የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም። አንዱ ቴስት ላይ ጥሩ የወጣ ማቴሪያል ሌላው ላይ መጥፎ ሊወጣ ይችላል፣ ሁለቱም ቴስት ልክ ሆነው ማለት ነው። ስለዚ የትኛው ለማን እንደሚሆን ከነምክንያቱ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ፒፒ ወይ ፖሊኢትሊን ሲሞቅ ይቀልጣል ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ መልሳችሁ ብታሞቁት መልሶ ይቀልጣል፣ ለሱ ኤምኤፍአይ የሚባል መለኪያ አለው፣ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም በቀዳዳው ወረደ ተብሎ ይመዘናል አለቀ። ባካላይት፣ ሚላሚንና ኢፖክሲ ግን ቴርሞሴት ነው የሚባሉት፣ ቴርሞሴት እንደዛ አይደለም። ሙቀት ሲያገኝ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ወዲያው ግን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ መተሳሰር ይጀምራሉ፣ ተሳስረው ካለቁ በኋላ ብታሞቁት ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ቤልጂየም ተወልዶ አሜሪካ የሰራው ሊዮ ቤክላንድ ባካላይትን እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰራ በኋላ ነገሩን በሶስት ደረጃ ነበር የከፈለው፣ ኤ ላይ ሬዚኑ (ዋናው የሚጠነክረው ማቴሪያል) ገና ነው ይቀልጣል ይሟሟል፣ ቢ ላይ ሲቀዘቅዝ ደረቅ ነው ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል፣ ሲ ላይ ያለቀለት ነው። እኛ በጆንያ የምንገዛው ቢ ላይ ያለውን ነው። ቢ ደሞ ሰፊ ነው፣ አንዱ ባች፣ ማለትም ባንድ ዙር የተመረተው፣ ወደ ኤ የቀረበ ሌላው ወደ ሲ የተጠጋ ሊሆን ይችላል፣ በአይን ሲታዩ ግን ሁለቱም ያው ጥቁር ዱቄት ናቸው። የፍሰት ቴስት የሚያስፈልገው ለዚ ነው። እና ኤምኤፍአይ ማሽን ስላላችሁ ብቻ ቴርሞሴት እንዳትከቱበት አደራ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጠንክሮ ይቀራል፣ ማሽኑንም ያበላሻል።

ሞልዱ ውስጥ ማለስለስና መጠንከር አብረው ነው የሚሄዱት። ሙቀት ስንጨምር ማቴሪያሉ ቶሎ ይቀጥናል፣ ግን ቶሎም ይጠነክራል። ስለዚ ሙቀት ጨምር ይፈስልሃል የሚባለው ምክር እስከተወሰነ ድረስ ነው የሚሰራው፣ ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል ሊጡ ገና ሳይስፋፋ እንደሚይዘው ቴርሞሴትም ከሆነ ሙቀት በኋላ ርቀቱ እየጨመረ ሳይሆን እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚ ነው ሙቀቱና ፕሬሸሩ አብሮ ያልተጻፈ የፍሰት ቁጥር ምንም ትርጉም የሌለው። ሰፕላየር ፍሰቱ 90 ነው ብሎ ብቻ ከላከላችሁ በስንት ዲግሪ፣ በስንት ፕሬሸር፣ በየትኛው ሞልድ ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትቀበሉ።

ስፓይራል ፍሎው

ትራንስፈር ሞልዲንግ፣ ማለትም ዱቄቱን ከሌላ ጉድጓድ ወደ ተዘጋ ሞልድ እየገፋ ለሚሰራ ሰው እኔ መጀመሪያ የምመርጥለት ይሄን ነው። ሞልዱ ከመሃል ተነስቶ እየተጠመዘዘ ወደ ውጪ የሚሄድ ጠባብ ቦይ አለው፣ ቦዩ ላይ ርዝመቱ ምልክት ተደርጎበታል። የተመዘነ ዱቄት ፖቱ (የጋለው ጉድጓድ) ውስጥ ይገባል፣ ፕለንጀሩ (መግፊያው ብረት) ይገፋዋል፣ ማቴሪያሉ እየቀለጠ በቦዩ ይሄዳል፣ እየሄደ እያለ ይጠነክርና ይቆማል። ከዛ ሞልዱን ከፍቶ ስንት ሴንቲሜትር ወይ ስንት ኢንች ሄደ ብሎ ማንበብ ነው። የአሜሪካው ስታንዳርድ ኤኤስቲኤም ዲ3123 ነው፣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 6.9 ሜጋፓስካል ይላል፣ ማለትም 1000 ፒኤስአይ፣ ሞልዱም ኢኤምኤምአይ 1-66 በሚባለው ዲዛይን ነው የሚሰራው። የቺፕ ሽፋን ኢፖክሲ የሚያመርቱት ግን አብዛኞቹ እዛው ሞልድ ላይ በ175 ዲግሪ ነው የሚለኩት፣ ምክንያቱም ፋብሪካ ውስጥ ሞልዱ የሚሰራው በዛ ሙቀት አካባቢ ነው። እና ሁለት ዳታሺት (የማቴሪያሉ ባህሪ የተጻፈበት የሰፕላየር ወረቀት) ስታነጻጽሩ አንዱ በ150 ሌላው በ175 የተለካ ከሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አታስቀምጡ፣ የሆነ ማባዣ ተጠቅሞ አንዱን ወደ ሌላው መቀየርም አይቻልም፣ እያንዳንዱ ፎርሙላ የሚጠነክርበት ፍጥነት ለየብቻ ነው።

የስፓይራል ጥቅሙ ከእውነተኛው ስራ ጋር መመሳሰሉ ነው። ጠባብ ቦይ፣ የሚገፋ ፕለንጀር፣ የጋለ ብረት፣ ሁሉም ምርት ላይ ያለው ነገር ነው። አንድ ሾት፣ ማለትም አንድ ዙር ግፊት፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ትራንስፈር ፕሬስ ያለው ሰው ደሞ ሞልዱን ብቻ ነው የሚያሰራው። ጉዳቱ አንዷ ቁጥር ሁለት ነገር ደባልቃ መያዟ ነው። ሁለት ኢፖክሲ እኩል 80 ሴንቲሜትር ሄዱ እንበል፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ ቶሎ የጠነከረ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ወፍራም ሆኖ ቀስ ብሎ የጠነከረ። ቁጥሩ እኩል ነው፣ ቺፑ ውስጥ ሲገቡ ግን ወፍራሙ ከሰው ፀጉር የቀጠነውን የወርቅ ሽቦ እየገፋ ያጣምመዋል፣ ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ ቺፑ ሞተ። ስለዚ ስፓይራልን ብቻውን አትመኑት፣ ሁልጊዜ ከመጠንከሪያ ሰአት መለኪያ ጋር አጋቡት፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ስፓይራል ላይ ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ቦታ ፕሬሸር ነው። ጌጁ ላይ የሚታየው የሃይድሮሊኩ ፕሬሸር ነው እንጂ ማቴሪያሉ ላይ ያረፈው አይደለም። የሃይድሮሊኩ ራም (ፕለንጀሩን የሚገፋው ፒስተን) ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር ፕለንጀሩ ደሞ 50 ሚሊሜትር ከሆነ የስፋታቸው ልዩነት 4 እጥፍ ነው፣ ስለዚ ማቴሪያሉ ላይ 6.9 ሜጋፓስካል እንዲያርፍ ጌጁ 1.7 አካባቢ ነው ማንበብ ያለበት። ይሄን ያላሰላ ሰው ጌጁን 6.9 ላይ አድርጎ ዱቄቱ በጣም ይፈሳል ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ሌላው የዱቄቱ ሚዛን ነው፣ ፖቱ ውስጥ የሚቀረው ቂጣ የሚመስለው ትርፍ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚመዘነው፣ ቂጣው አንዴ ወፍራም አንዴ ስስ ከሆነ ርዝመቱም አብሮ ይዋዥቃል። ፕለንጀሩ አልቆ በጎኑ ማቴሪያል የሚያሾልክ ከሆነም ርዝመቱ ያጥራል፣ ጥፋቱ ግን የዱቄቱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሾቶች አትቁጠሯቸው፣ ሞልዱ ገና ሙቀቱ አልተረጋጋም። ዱቄቱን ቀድማችሁ የምታሞቁት ከሆነ ሁሌ አሙቁ፣ የማታሞቁት ከሆነ ሁሌ አታሙቁ። መብራት ቮልቴጁ በሚወርድበት አካባቢ የምትሰሩ ከሆነ ደሞ በኮንትሮለሩ ስክሪን ብቻ አትመኑ፣ የሞልዱን ፊት ራሱን በቴርሞካፕል (በሽቦ ሙቀት መለኪያ) ለኩት።

ረጅም የግላስ ፋይበር ያለው ኮምፓውንድ (ሬዚን ከመሙያ ጋር የተደባለቀ ማቴሪያል) ላይ ስፓይራል ብዙ አልወደውም፣ ፋይበሩ ጠባቡ ቦይ ውስጥ እየተሰባበረና እየተጠላለፈ የሚወጣው ቁጥር የሬዚኑን ፍሰት አይናገርም።

ከፕ ፍሎው

ኮምፕሬሽን ሞልዲንግ፣ ማለትም ዱቄቱን ቀጥታ የተከፈተ ሞልድ ውስጥ አድርገው ከላይ የሚጫኑት ሰዎች፣ ስፓይራል የግድ አያስፈልጋቸውም። ለነሱ ከፕ ፍሎው ይሻላል። የኩባያ ቅርጽ ባለው ሞልድ ውስጥ የተመዘነ ዱቄት ይገባል፣ ፕሬሱ ይዘጋል፣ ከዛ ሞልዱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ወይም ፍላሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ስንት ሰከንድ ፈጀ ይባላል። ኤኤስቲኤም ዲ731 ሞልዲንግ ኢንዴክስ የሚለው የዚሁ ዘመድ ነው፣ እሱ ደሞ ሞልዱን ለመዝጋት የሚበቃውን ትንሹን ጉልበት ነው የሚፈልገው፣ የመዝጊያ ሰአቱንም አብሮ ይይዛል። እዚ ላይ ልብ በሉ፣ ስፓይራል ላይ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ብዙ ይፈሳል ማለት ነው፣ ከፕ ላይ ግን ሰከንዱ ሲበዛ ደረቅ ነው ማለት ነው፣ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ሁለቱን አንድ ቴብል ላይ ሳያብራሩ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፣ የሚያነበውን ሰው ያሳስታሉ።

ለሶኬትና ለእጀታ ፌኖሊክ፣ ማለትም የባካላይቱን አይነት፣ የሚሸጡ ሰፕላየሮች ሶፍት፣ ሚድየም፣ ሃርድ ብለው ነው ግሬዱን የሚከፋፍሉት። ጥልቅ ሞልድ ላላችሁ፣ ምርቱ ውስጥ የሚቀበር ብረት (ኢንሰርት) ላለበት፣ ሶፍቱ ይሻላል። ጠፍጣፋና ቀላል ቅርጽ ላይ ሃርዱን ውሰዱ፣ ፍላሹ ይቀንሳል። የአንዱን ካምፓኒ ሚድየም ከሌላው ሚድየም ጋር እኩል ነው ብላችሁ ግን አትገምቱ፣ ራሳችሁ ሞልድ ላይ ሰከንዱን ቁጠሩት።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ሰው የከፕ ሞልድ ማሰራት ቢያቅተው እንኳ የራሱን አንድ የምርት ሞልድ መርጦ ሙቀቱን፣ ፕሬሸሩንና ሚዛኑን ሳይቀያይር የመዝጊያ ሰአቱን በስቶፕዋች መያዝ ይችላል። ስታንዳርድ አይደለም፣ ለሌላ ሰው የሚላክ ሰርተፍኬት አይሆንም፣ ለራሱ ግን ባች ከባች ለማነጻጸር ከበቂ በላይ ነው። ውድ ማሽን እስኪገዛ ብሎ ምንም ሳይለኩ ከመቀመጥ ይሄ በጣም ይሻላል።

ቶርክ ሪዮሜትር

ኢንጀክሽን ማሽን ላይ ቴርሞሴት የሚሰሩ ሰዎች ችግራቸው ሌላ ነው። ፌኖሊክ በኢንጀክሽን ሲሰራ ባሬሉ፣ ማለትም ስክሩ የሚሽከረከርበት ቱቦ፣ ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መሃል ይያዛል፣ ሞልዱ ግን ከ160 እስከ 190 ነው። ማቴሪያሉ ባሬል ውስጥ ለስልሶ መቆየት አለበት፣ ሳይጠነክር። ሞልድ ውስጥ ሲገባ ደሞ ቶሎ መጠንከር አለበት። ስፓይራል የሞልዱን ክፍል ነው የሚነግራችሁ፣ ባሬል ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል የሚለውን አይመልስም። ማሽኑ ለሆነ ምክንያት ቢቆም፣ መብራት ቢጠፋ፣ ስክሩ ላይ ጠንክሮ የቀረ ፌኖሊክ ማለት ስክሩን አውጥቶ በመዶሻና በመሮ ማጽዳት ነው።

ለዚ ቶርክ ሪዮሜትር ነው መልሱ፣ ስታንዳርዱ ኤኤስቲኤም ዲ3795። የጋለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሮተር ዱቄቱን ያቦካሉ፣ ማሽኑ ለማቡካት ስንት ጉልበት ፈጀ የሚለውን ከሰአት ጋር ይስላል። ከርቩ በደንብ ይነበባል፣ መጀመሪያ ዱቄቱ ሲገባ ጉልበቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲቀልጥ ይወርዳል፣ ዝቅ ብሎ ትንሽ ይቆያል፣ ከዛ መጠንከር ሲጀምር እንደገና ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ የጠነከረው ተሰባብሮ ዱቄት ሲሆን ይወርዳል። ዝቅተኛው ነጥብ ማቴሪያሉ ምን ያህል እንደቀጠነ ይነግራችኋል፣ ዝቅ ብሎ የቆየበት ሰአት ደሞ ስንት ጊዜ እንዳላችሁ። ስፓይራል ላይ ተደባልቀው የነበሩት ሁለት ነገሮች እዚ ለየብቻ ይታያሉ፣ በጣም የምወደው በዚ ምክንያት ነው። ዋጋው ግን ከስፓይራል ሞልድ ጋር አይወዳደርም፣ ጽዳቱም ስራ ነው፣ ፌኖሊክ በራሱ ተሰባብሮ ስለሚወጣ ይሻላል፣ ብረት ላይ የሚጣበቅ ኢፖክሲ ግን ሮተሩን ሊይዘው ይችላል። ኢንጀክሽን ለማይሰራ ሰው ይሄን ግዛ አልለውም።

የመጠንከሪያ ሰአት፣ በሆት ፕሌት

ከላይ ከስፓይራል ጋር አጋቡት ያልኩት ይሄ ነው። ሙቀቱ የተስተካከለ ብረት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 175 ዲግሪ፣ ትንሽ ቁንጥር ዱቄት ይደረጋል፣ በስፓቱላ እየተዳጠ እየተነሳ እንደ ክር የሚሳበው ነገር መሳብ ያቆመበት ሰከንድ ይያዛል። ርካሽ ነው፣ ማንም ጋ ይሰራል። በ175 ዲግሪ ብዙ የቺፕ ኢፖክሲ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይይዛል፣ ስለዚ እጅ መፍጠን አለበት። ድክመቱ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው፣ አንዱ ቴክኒሻን ቆመ የሚለውን ሌላው ገና ነው ሊለው ይችላል። አንድ ሰው ብቻ ይስራው፣ ወይ ደሞ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዱቄት ላይ አብረው ደጋግመው ሰርተው እጃቸውን ያቀራርቡ። ሌላ ደሞ፣ ፌኖሊክ ሲሞቅ አሞኒያና ፎርማልዲሃይድ ይለቃል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ እያሸተታችሁ እንዳትሰሩት፣ አየር ማስወጫ ይኑር። ጤናን የሚያህል ዳታ የለም።

ሌሎቹ

ፓራለል ፕሌት ሪዮሜትር፣ ማለትም በሁለት የጋለ ዲስክ መሃል ማቴሪያሉን እያወዛወዘ ቪስኮሲቲውን (ውፍረት ቅጥነቱን) የሚለካው፣ ሪሰርች ለሚሰራና ፎርሙላ ለሚቀይር ሰው ትልቅ እቃ ነው። ግን ቶሎ የሚጠነክር ኢፖክሲን በ175 ዲግሪ ልለካ ብትሉ ሳምፕሉን አስገብታችሁ ዲስኩን ዘግታችሁ ማሽኑ መቁጠር እስኪጀምር ዋናው ነገር አልፏል፣ ዝቅተኛውን ቪስኮሲቲ ሳታዩት ትቀራላችሁ። እዛ ላይ ከዝቅተኛ ሙቀት ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ካፒላሪ ፍሎው ቴስተር ለዚ ይሻላል፣ ዱቄቱን በኪኒን መልክ ጠፍጥፎ በቀጭን ቀዳዳ በክብደት እየገፋ ፍጥነቱን ስለሚይዝ ጥቂት ግራም ብቻ ይበቃዋል፣ የቺፕ ኢፖክሲ ሰዎች በተለይ ጃፓኖቹ ብዙ ይጠቀሙበታል። ዲኤስሲ የሚባለው የሙቀት መለኪያ ማሽን ስለፍሰት ምንም አይናገርም፣ ስንት ሙቀት እንደለቀቀ ነው የሚያሳየው፣ ዱቄቱ እድሜው ሄዶ ከሆነ ወይ ምርቱ በደንብ ካልጠነከረ ለማወቅ ጥሩ ነው፣ በፍሰት ቴስት ቦታ ግን አይገባም።

ሞልዲንግ ኮምፓውንድ ሳይሆን ንጹህ የፌኖሊክ ሬዚን ዱቄት የምትገዙ ከሆነ፣ ለፍሬን ሸራ ወይ ለድንጋይ መሞረጃ ዲስክ ማያያዣ፣ ከነዚ ሁሉ አይኤስኦ 8619 የሚባለው ስታንዳርድ ቴስት ይሻላችኋል። ኪኒን ተደርጎ በጋለ መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ መስታወቱ ዘንበል ይደረጋል፣ ስንት ሚሊሜትር ወረደ ይባላል። ፊለር (መሙያ) ያለበት ኮምፓውንድ በራሱ ክብደት ስለማይወርድ እዛ ላይ አይሰራም።

እንግዲህ ምን ልግዛ ለሚል ሰው እንዲ እላለሁ። ኮምፕሬሽን ብቻ ከሆነ ስራችሁ የከፕ ሞልድና ሆት ፕሌት፣ በቃ። ትራንስፈር ከሆነ ስፓይራል ሞልድና ሆት ፕሌት፣ የቺፕ ስራ ካለበት ካፒላሪው ይጨመር። ኢንጀክሽን ከሆነ ቶርክ ሪዮሜትሩን ለመግዛት አቅም ከሌለ ሰፕላየሩ ከርቩን ከእያንዳንዱ ባች ጋር እንዲልክ ውል ውስጥ አስገቡት፣ እናንተ ደሞ ስፓይራል እየሰራችሁ ተቆጣጠሩ። እቃ አምራች ሳትሆኑ አስመጪ ብቻ ከሆናችሁ ምንም ማሽን አትግዙ፣ ከጥሩ ባች ጥቂት ኪሎ አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡና አዲስ ጭነት ሲመጣ ሁለቱን ባንድ ቀን ባንድ ማሽን ላይ አስመርምሩ። ጎን ለጎን የተለካ ነገር ከዳታሺት ቁጥር በጣም የተሻለ ይናገራል።

አንድ የሚረሳ ነገር እርጥበት ነው። የእንጨት ዱቄት ወይ ሴሉሎስ ያለበት ፌኖሊክ፣ ዩሪያና ሚላሚን ኮምፓውንድ ከአየር ውሃ ይስባል፣ የሳበው ውሃ ደሞ ፍሰቱን ይጨምረዋል። ክረምት ላይ አፉ ተከፍቶ የከረመ ጆንያ ቴስት ላይ ጥሩ የፈሰሰ መስሎ ይታያችሁና ምርቱ ላይ ግን አረፋ ያወጣል፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ይወርዳል። ስለዚ ፍሰት ባልታሰበ ሁኔታ ሲጨምር ደስ አይበላችሁ፣ እርጥበቱን ለኩ። ፍሰቱ ሲቀንስ ደሞ ብዙ ጊዜ እድሜ ነው፣ ዱቄቱ መጋዘን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሲ ሄዷል፣ ቆርቆሮ ጣራ ስር የተከመረ ከሆነ ደሞ ይብሳል። የቺፕ ኢፖክሲ በ5 ዲግሪ ወይ ከዛ በታች ነው የሚቀመጠው፣ ከፍሪጅ ሲወጣ ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱት፣ እንደታሸገ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ጠብቁት፣ አለዚያ የአየሩ ውሃ ቀዝቃዛው ዱቄት ላይ ያርፍና የምትለኩት ፍሰት የዱቄቱ ሳይሆን የውሃው ይሆናል።

ደብተሩ ላይ ከፍሰቱ ቁጥር ጋር አብረው መጻፍ ያለባቸው፣ የባች ቁጥር፣ የተመረተበት ቀን፣ ከረጢቱ የተከፈተበት ቀን፣ በቴርሞካፕል የተለካው የሞልዱ ሙቀት፣ ማቴሪያሉ ላይ ያረፈው ፕሬሸር፣ የዱቄቱ ሚዛን፣ ቀድሞ ሞቆ ነበር ወይስ አልሞቀም፣ እና የሰራው ሰው ስም። ቢያንስ ሶስት ሾት ይሰራ፣ አማካዩ ብቻ ሳይሆን ሶስቱም ቁጥር ይጻፍ፣ ሶስቱ በጣም ከተራራቁ ሰፕላየር ጋ ከመደወላችሁ በፊት የራሳችሁን ፕሬስ ፈትሹ።